የሁለተኛው እሑድ ሠርግ

«ማናና፣ ካሜራ አለሽ አይደል?» ይላሉ፣
ዘመድ ሲያገባ ነው ስሜን የሚያስታውሱት ሁሉ።
ከመድኃኒት ቤቱ፣ ከባንኮኒው ኋላ፣
አስፕሪን ስቆጥር ይመጣል አንድ ሌላ፦
«ለልጄ ልደት፣ ለወንድሜ ቀለበት፣
ጠቅ ማድረግ ነው'ኮ፣ ምን ችግር አለበት!»
ክፍያዬ ያው ነው፤ የሰፈር ወግ ሆኗል፣
አንድ ሳህን ኬክ በፎጣ ይሸፈናል።

«ከሷ ጎን አታቁሚኝ፣» «ሆዴን አሳንሽልኝ፣»
«የቀድሞ ባሌን ከወዲያ ጠርዝ ቁረጭልኝ፣»
እሺ እላለሁ። ሁሉን እሺ። ቤተ ዘመድ ማለት
ማን ከማን እንደማይቆም በቃል የሚጠኑት ትምህርት።

እንዲህ ነው ያኔም የተጠራሁ፣ ፖቲ ወደብ ላይ፣
ቫዣ ጺራን ሲያገባ፤ ዝናቡ ከሰማይ
እንደተከፈተ ቧንቧ ይወርዳል፣ ሳያባራ፣
እንቁራሪቱ ከረግረጉ ይመልሳል፣ ከመዘምራኑ ጋራ።
ዘውድ ሲጫንላቸው አነሳሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣
እናቷ ዕንባዋን ስትጠርግ፣ በመሐረብ ሳይሆን በጓንት፤
ጽዋ አንሺው ሽማግሌ ለሙታን፣ ለወይን ተክል ሲመርቅ፣
ሙሽራው ጣቱን ከጠረጴዛው ሥር ከጣቷ ሲያጣብቅ።
ኦማሪ፣ አባቷ፣ የመርከብ ሞተረኛ፣
ቃል ሲያወጣ የሚከፍልበት የሚመስለው ዝምተኛ፣
የዚያን ቀን ተነሣ፤ ወይኑ ነው ወይ ልጁ፣
እጁን እንደ ክንፍ ዘርግቶ ጨፈረ በደጁ።
እኔም ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፤ ወንበር ላይ ወጥቼ፣
ቀሚሴ ወይን ጠጥቶ፣ ጫማዬን ረስቼ።
ሠላሳ ስድስት ቆጠርኩ። ሠላሳ ሰባት። ሠላሳ ስምንት።
አርባ ሲሞላ ነው ልቤ ያለው «እንዴት?»
መብራት እንደ ልማዱ ጠፍቶ ነበር፤ ማጀት ገባሁ፣
በጨለማ ክዳኑን ከፍቼ ዳሰስኩ፣ ደነገጥኩ፣ ዘጋሁ፦
ፊልሙ ከነጥቅሉ፤ ጥርሱን አልነከሰም፣
አንድም ሰው ውስጡ የለም፤ አንድም ዘውድ፣ አንድም ስም።

ማክሰኞ ነገርኳቸው። ኦማሪ ሰኞ ሄዷል፣
መርከቡ ቦስፎረስን አልፎ ይሆናል፣ ርቋል።
ጺራ አላለቀሰችም። ይህ ነው የከበደኝ።
«እሑድ እንድገመው» አለች፤ ትከሻዬን ይዛ እኔን አጽናናችኝ።

እናም ደገምነው።
ኬኩ የተገለበጠ ድስት፣ ክሬም የተቀባ፣
እቅፉ ከጎረቤት መስኮት የተዋስነው አበባ።
ካህኑ እምቢ አለ፤ «ዘውድ ሁለቴ አይጫንም» ብሎ፣
ቁልፉን ግን «ረሳው»፣ በሩ ላይ አንጠልጥሎ።
እንግዳው ግማሹ ቀርቷል፤ የመጡት ግን ሣቁ፣
ባለፈው እሑድ የተጣሉት አጎቶች እንኳ ታረቁ።
ሙሽሮቹ ሲሳሳሙ፣ ሳምንት አብረው አድረው፣
ፊተኛው ላይ አፍረው ነበር፤ አሁንማ፣ ምን ልናገረው።

የጎደለን አባት ነው።
ጉራም፣ ጎረቤታችን፣ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ፣
ትከሻው የኦማሪን የሚያክል፣ ግራኝ፣ ቀልደኛ።
የኦማሪን ኮት አለበስነው፤ ጠበበው፤
«ፊቴን ተይው» አለ፣ «ከጀርባ ሁሉም አባት ነው።»
ጨፈረ። ግራ እጁን ወደ ላይ፣ ወለሉን በተረከዙ፤
ሣቁ ቆመ። ሴቶቹ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።
እሱና ጉሊኮ ልጅ የላቸውም፤ ያወቀ ያውቃል፣
አንድ ጊዜ ጠቅ አልኩ። አንድ ይበቃል።

ኦማሪ በስምንት ወሩ ከባሕር ተመለሰ፣
ፎቶውን አየና መነጽሩን ዳበሰ፣
«አቤት፣ እንዲህ ነው እንዴ የጨፈርኩት?» አለ፤
ይኸው ሃያ ዓመቱ፣ ለመጣው እንግዳ በዚያ ጀርባ እንደማለ።
ኦማሪ ቀኝ እጅ ነው። ሚስቱ አይታ እንዳላየች
መስታወቱን በየቅዳሜው ትወለውላለች።

ጉራም የካቲት ላይ ሞተ፣ ሐኪም ሳይመጣ።
ጉሊኮ ባንኮኒዬ ጋ ቆመች፣ ሰው ሁሉ እስኪወጣ።
ማዘዣ አልያዘችም። «ማናና» አለች፣ ቀስ ብላ፣
«ያቺ የጭፈራዋ… ፊልሟ አለ? የሱ የለኝም ሌላ።»

አጠብኩላት፣ በትልቁ።
አሁን ባንድ መንገድ ላይ፣ በሁለት ግድግዳ፣ አንድ ጀርባ አለ፤
እዚህ ቤት ኦማሪ ነው፣ እዚያ ቤት ጉራም፤
ኮቱ እንደተወጠረ፣ እጁ እንደተሰቀለ።

ትናንት ደግሞ የጺራ ልጅ ደወለች፤ «አክስቴ፣ መስከረም ላይ…»
ያንኑ ካሜራ አወጣሁ፣ ክዳኑን ከፈትኩ፣
ጣቴን አኖርኩ፣ ጥርሱ ላይ።